ልጄን ብርድ ነው የመታው? ስለ ሕጻናት የሳንባ ምች ጥያቄና መልስ

የሕጻናት ነርስ ነኝ። ስለ ሳንባ ምች (ኒሞኒያ) የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄን ሁሌ ሸፋፍኜ ነው የማወጣው። ታዲያ ብርዱ ከየት ገባ?

መልስ፦ በሽታውን የሚያመጡት ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው እህቴ። ክረምት ላይ የሚብሰው በር ዘግተን ተጨናንቀን ስለምንውልም ነው። አንዱ ሲያስል ሌላው ይስበዋል።

ጥያቄ፦ ያለችን አንድ ክፍል ናት፣ እዚያው አበስላለሁ። ከሰል ከእንጨት አይሻልም?

መልስ፦ ጭሱ ቢያንስም መርዛማው አየር አለ። የቤት ውስጥ ጭስ የሕጻን ሳንባ ጀርም የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል። ልጁን አዝለሽ እሳት ላይ አትጎንበሺ፤ ሌላ ሰው ይያዝልሽ። ምድጃውን ደጅ አውጪው፤ ካልሆነ በርና መስኮት ክፈቺ። አባትየውም ቤት ውስጥ አያጭስ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አራስ ሕጻን ፀሐይ ላይ አይወጣም ብለን ነው ያደግነው። ቅቤም እናውጣለን። ክፋት አለው?

መልስ፦ አለው እማማ። ይህን ሁሉም ቢሰማልኝ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት አለ። ሪኬትስ ያለባቸው ሕጻናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሪኬትስ ፀሐይ ካላገኘ ልጅ ላይ የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ ነው። የጎድን አጥንቱ ሲለሰልስ ደረቱ በደንብ መተንፈስና ማሳል ያቅተዋል። ፀሐይ ባለበት አገር ልጅ በፀሐይ እጦት ሲታመም ማየት በጣም ያሳዝናል። ጠዋት ጠዋት ልብሱን ገለጥ አድርገው ያሙቁት። ቅቤው ደግሞ ትን ብሎት ሳንባው ከገባ ራሱ ሳንባውን ያሳምመዋል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ውሃም አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ክትባቱን ጨርሷል። አሁንም ይይዘዋል?

መልስ፦ ሊይዘው ይችላል፤ ከከባዱ ግን በብዙ ይጠበቃል። ለሳንባ ምች የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት አገራችን የገባው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የኩፍኙንም እንዳትረሺ፣ በ9ና በ15 ወር። ኩፍኝ ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች አስከትሎ ነው የሚገድለው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ከ2.5 ኪሎ በታች ነው የተወለደው። ያሰጋዋል?

መልስ፦ አዎ። የከሳ ልጅ፣ የልብ ችግር ወይም ኤችአይቪ ያለበትም እንዲሁ። ለእነዚህ ቶሎ ማሳየት ነው።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ይሁን የሳንባ ምች በምን ልወቅ?

መልስ፦ ረጋ ሲል ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ2 ወር በታች 60፣ ዓመት ላልሞላው 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ ፈጣን ነው፤ ውሰጂው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን አታሳድሪው። ከበፊቱ የተረፈ ሽሮፕ ካለሽ አትስጪው።