98 በመቶ ትክክል፣ ሩዙ ግን እምቦጭ ሆኗል

ጥያቄ፦ ማስተርሴን ጎንደር ነው የምማረው። መመረቂያዬ ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ በሳተላይት ምስልና በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ከምሳሌ እንዲማር በማድረግ) መለየት ነው። ሴንቲኔል 2 የተባለውን ሳተላይት ምስል ይዤ ራንደም ፎረስት በሚባለው የመለያ ዘዴ ስሠራው 98 በመቶ ትክክል ነው አለኝ። ካርታውን ስከፍተው ግን የፎገራን የሩዝ ማሳ እምቦጭ ብሎ ቀብቶታል። አማካሪዬ ቁጥሩን አይተው «ጥሩ ነው፣ ጻፊው» አሉኝ። ልጻፈው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አትጻፊው። ከዜሮም አትጀምሪም ግን፣ አይዞሽ።

ማሠልጠኛና መፈተኛ ነጥቦችሽን እንዴት ነው የከፈልሻቸው? እንደ ብዙው ሰው ፒክሰሉን (ምስሉ የተሠራበትን ትናንሽ ካሬ) ሁሉ ቀላቅለሽ 70 በመቶውን ለማሠልጠን፣ 30ውን ለመፈተን ካልሽ ጉዱ እዚያው ነው። የሴንቲኔል 2 አንድ ፒክሰል ጥራት ባለው ምስሉ ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። እምቦጩ ተያይዞ የተኛበት ቦታ ላይ አንዷ ፒክሰል ሥልጠና ውስጥ ትገባለች፣ መልኳ ቁርጥ እሷን የሆነው ጎረቤቷ ደግሞ ፈተና ላይ ትመጣለች። ሞዴሉ ኮርጆ ነው ያለፈው።

በቦታ ክፈይው። በደምቢያ በኩል ባለው ዳርቻ አሠልጥነሽ፣ ጭራሽ ባላየው በፎገራ በኩል ፈትኚው፤ ከዚያ ቦታቸውን አቀያይሪ። ቁጥሩ ይወርዳል። ይውረድ! እውነተኛው እሱ ነው፣ ዲፌንስ ላይም የሚያስከብርሽ እሱ ነው። አማካሪሽ ጋ ስትገቢም ካርታውን አስቀድሚ፤ ሩዙን ሲያዩ ብዙ ክርክር የሚኖር አይመስለኝም።

ሩዙ ለምን ተምታታ? ሩዝም፣ ደንገልም፣ እምቦጭም አረንጓዴ ተክል ናቸው፤ በአንድ ቀን ምስል ላይ ኤንዲቪአይ (የአረንጓዴነት መለኪያ) ብታሰዪ ተቀራራቢ ቁጥር ነው የሚሰጡሽ። ሩዝ ግን ወቅት አለው። ክረምት ላይ ይበቅላል፣ በበጋው መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ከዚያ የማሳው መልክ ይቀየራል። ደንገልም ሥር ሰዶ ባለበት ይቆማል። እምቦጭ ነው ነፋስ እየገፋው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚለው። ስለዚህ የዓመቱን ተከታታይ ምስል ስጪው። የሐይቁን ድንበር ቆርጠሽ የብስ ያለውን ብታወጪም ብዙ ሩዝ ይወጣልሻል፤ ብቻ በአንድ መስመር ዓመቱን ሙሉ እንዳትሠሪ፣ መስከረም ላይ የሞላው ጣናና ግንቦት ላይ የሸሸው ጣና ዳርቻቸው አንድ አይደለም።

ክረምቱን ደመና ይሸፍንብሻል። እዚያ ላይ ሴንቲኔል 1ን ተጠቀሚ፤ ራዳር ስለሆነ ደመናውን አልፎ ያያል፣ ዳታውም ነፃ ነው። ላፕቶፕሽ ካልቻለ ጉግል ኧርዝ ኤንጅን ላይ ሥሪው፣ ስሌቱ እነሱ ሰርቨር ላይ ነው የሚያልቀው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ጎርጎራ ወርደሽ ነጥብ በጂፒኤስ ያዢ፤ ባለታንኳዎቹን ብትጠይቂ እምቦጩ የት የት እንዳለ ያሳዩሻል። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር ቀኑን ጻፊ፣ ምስሉንም ለዚያ ቀን ከሚቀርበው ምረጪ። ተክሉ ተንሳፋፊ ስለሆነ ዛሬ እምቦጭ ብለሽ የመዘገብሽው ቦታ በሳምንቱ ምስል ላይ ባዶ ውኃ ሊሆን ይችላል።