ስለ ካንሰርና ስለ ቅጠላ ቅጠል በኢንተርኔት የሚወራውን በምን እናጣራ? ጥያቄና መልስ ከ«ቀማሚው» ጋር

ከሆስፒታል ሕክምና ጎን ለጎን ወይም በምትኩ ስለሚወሰዱ ዕፅዋት፣ ዘይቶችና ቫይታሚኖች ጠይቁ። መላሹ «ቀማሚው» የካንሰር መድኃኒቶች ፋርማሲስት ነው። የካንሰሩን ዓይነትና የምትወስዱትን መድኃኒት ስም አብራችሁ ጻፉ።

የልደታ ልጅ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። ጥቁር አዝሙድ ያድናል የሚል ቪዲዮ በየቀኑ ይላክላታል። እውነቱን የት ላጣራ?

ቀማሚው፦ ከስሙ ጀምር። «ጥቁር አዝሙድ»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሰህ ብትፈልግ በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ተክል ይቀላቀልብሃል። ሳይንሳዊ ስሙን፣ ናይጄላ ሳቲቫን፣ በላቲን ፊደል (Nigella sativa) ጻፍ። ነጭ አዝሙድ ደግሞ ይብሳል፤ የኛው ነጭ አዝሙድ ትራኪስፐርሙም አሚ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ከከሙን ጋር አምታቶ የሌላ ተክል ጥናት ያነባል።

ስሙን ከያዝክ በኋላ የኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል ያዘጋጀውን «አባውት ኸርብስ» (About Herbs) የተባለ ድረ ገጽ ክፈት። ነፃ ነው። ለታካሚና ለባለሙያ ተለይቶ ተጽፏል። የታካሚውን አንብበህ እንዳትዘጋው፤ በባለሙያው በኩል ተክሉ ከመድኃኒት ጋር ስላለው ግጭት የተጻፈውን ፈልግ። ቀጥሎ የአሜሪካ ብሔራዊ ካንሰር ኢንስቲትዩት «ፒዲኪው» የሚላቸው ማጠቃለያዎች አሉ፤ መጨረሻ የታደሱበት ቀን ተጽፎባቸዋል።

ሦስተኛው ፐብሜድ (PubMed)፣ የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ ነው። የተክሉንና የካንሰሩን ስም ጻፍና ከማጣሪያዎቹ «ራንደማይዝድ ኮንትሮልድ ትራያል» (Randomized Controlled Trial) የሚለውን፣ ማለትም ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ የሚያነጻጽረውን የጥናት ዓይነት ምረጥ። ያ ሁሉ ክምር በአንዴ ይሟሽሻል። የጠፋው አብዛኛው በሴልና በአይጥ ላይ የተሠራ ነው። ከጥቁር አዝሙድ የሚወጣው ታይሞኪኖን ላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለን የካንሰር ሴል ይገድላል። በረኪናም ይገድላል። ቁም ነገሩ የተዋጠው ዘይት ሆድና ጉበትን አልፎ ዕጢው ጋ በዚያ መጠን ይደርሳል ወይ የሚለው ነው፤ ቪዲዮው ይህን አይነግራትም።

እናትህ የምን መድኃኒት ላይ ናት? አልጻፍክም።

የልደታ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ታሞክሲፌን። እርድም በማር ትልሳለች፤ ቁንዶ በርበሬ ጨምሪበት ብለዋታል።

ቀማሚው፦ አሁን የሚመለስ ጥያቄ ሆነ። ታሞክሲፌን ጉልበት የሚያገኘው በአብዛኛው ጉበት ወደ ኢንዶክሲፌን ሲለውጠው ነው። በ2019 በታተመ አነስተኛ ጥናት 16 ታካሚዎች ከእርድ የሚወጣውን ኩርኩሚን 1,200 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ሲወስዱ በደማቸው ያለው ኢንዶክሲፌን 8 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የቁንዶ በርበሬው ፒፔሪን ሲታከልበት ቅናሹ 12 በመቶ ገደማ ደረሰ። ቁንዶ በርበሬውን የሚያስጨምሩት ኩርኩሚኑ ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ብለው ነው፤ ጉዳቱንም የሚያብሰው ያው ነው።

መጠኑን ደግሞ አስላው። በእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚኑ ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው። በጥናቱ የተወሰደውን የቀን 3,600 ሚሊግራም ለማግኘት 120 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። ስለዚህ አልጫዋን ትብላ። ካፕሱሉን ግን አትጀምር፤ በማር የምትልሰውንም በማንኪያ ቆጥራችሁ ለሐኪሟ ንገሩ። ታሞክሲፌኑን እንዳታቋርጥ።

ትዝታ፦ ለካንሰር የሚሆን ጥሩ ቅጠል ካለ ንገሩኝ።

ቀማሚው፦ ለየትኛው ካንሰር? ከየትኛው መድኃኒት ጋር? ከላይ ያለውን አንብቢና ተመለሺ።

የዲሲው፦ አንድ ዘመዴ ሜክሲኮ ሄዶ «ቫይታሚን ቢ 17» ሊታከም ነው። በአፕሪኮት ዘር ውስጥ ያለውን ፍሬም ይበላል።

ቀማሚው፦ ቫይታሚን አይደለም። አሚግዳሊን ነው፤ የተሠራው መድኃኒት ሌትሪል ይባላል፤ ሆድ ውስጥ ሲፈርስ ሳያናይድ ይለቃል። በ1982 ውጤቱ የታተመ ጥናት በ178 ታካሚዎች ላይ ሞክሮት ካንሰሩን አላዳነም፣ አላቆመምም፤ የአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ያለው ሳያናይድ ለሞት ወደሚያደርስ መጠን ተጠግቶ ነበር። ብዙ ቫይታሚን ሲ አብሮ መውሰድ አደጋውን ይጨምራል፤ ሻጮቹ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያዙት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2016 ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ትንንሽ ጥሬ የአፕሪኮት ዘር ፍሬ በላይ አደገኛ ነው ብሏል። ዛሬውኑ ደውልለት።

አገሬ፦ ፈረንጅ የአባቶቻችንን መድኃኒት ሲያንቋሽሽ እናንተም ተቀበላችሁ። ተፈጥሮ አይጎዳም!

ነርሷ፦ የካንሰር መድኃኒቶቹ ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ፣ ፓክሊታክሴል ከዛፍ ልጥ ነው የተገኙት። ማን ቅጠል ናቀ?

አገሬ፦ ታዲያ እኛ ቅጠሉን ቀጥታ ብንጠጣው ምን ይለያል?

ነርሷ፦ መጠኑ! የአንዱ ጭብጥ ከሌላው ጭብጥ እኩል ነው?

አገሬ፦ አባቶች መጠኑን ያውቁታል።

ቀማሚው፦ በቃ፣ ወደ ጉዳዩ። ሴንት ጆንስ ዎርት ተራ የአበባ መድኃኒት ነው፤ ከአይሪኖቴካን ጋር ሲወሰድ የኬሞውን ንቁ ክፍል በደም ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሶታል። ይህ በታካሚዎች ላይ ተለክቷል። በምትክ ስለመውሰድ ደግሞ፦ በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ካንሰራቸው ገና ያልተሰራጨ ሆኖ ሳለ ሌላ አማራጭ ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛ ሕክምና ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ የመሞት ዕድላቸውን 2.5 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ጎን ለጎንና በምትክ አንድ አይደሉም። ደግሜ እላለሁ፦ ሕክምናውን አታቋርጡ።

የባሕር ዳሯ እናት፦ ልጄ፣ ጠበልስ?

ቀማሚው፦ እናቴ፣ ጠበሉን ማንም አይከለክልዎትም፤ ኪኒኑን ግን አይተዉ። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል እንዳልሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ከኬሞ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሴል ዝቅ ስለሚል ሕዝብ የሚበዛበት ቦታና ያልተጣራ ውኃ ያኔ ያሰጋል፤ የሚሄዱበትን ቀን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሰላም፦ በኬሞ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ ዝንጅብል ይረዳል?

ቀማሚው፦ ይረዳል፣ ከማስታወክ መከላከያው መድኃኒት ጋር እንጂ በእሱ ፋንታ አይደለም። በ2012 በታተመ የ576 ታካሚዎች ጥናት ከኬሞው 3 ቀን ቀድመው በቀን ከግማሽ እስከ 1 ግራም የወሰዱት የመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽ ቀሎላቸዋል። ከዚያ በላይ መጨመር የተሻለ ውጤት አላመጣም። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ያነሰበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ተማሪው፦ ለታማኝ የጤና ድረ ገጾች ይሰጥ የነበረው የ«ሆን ኮድ» ማኅተም ያለው ድረ ገጽ ይታመናል?

ቀማሚው፦ ማኅተሙን ይሰጥ የነበረው ድርጅት በ2022 መጨረሻ ሥራውን አቁሟል፤ ዛሬ የምታየው ማኅተም የሚቆጣጠረው የለም። «ዶት ኦርግ»ንም ማንም ይገዛዋል። «ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ ተመዝግቧል» ቢሉህ፣ ጥናት ተመዘገበ ማለት መድኃኒቱ ሠራ ማለት አይደለም። ውጤቱ የት ታተመ በል። ገጹ ላይ «አሁን ይግዙ» ካለም ዝጋው።

ሚኪ፦ ስኳር ካንሰርን ይመግባል?

ቀማሚው፦ ጤነኛውም ሴል በስኳር ነው የሚኖረው። በኬሞ ላይ ክብደት መቀነስ ይጎዳል፤ ታማሚው ይብላ።

አዲስ ገቢ፦ ጥቁር አዝሙድ ለአባቴ ይጠቅመዋል?

ቀማሚው፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። የአባትህን መድኃኒት ስም ከነሚሊግራሙ ከካርቶኑ ላይ ገልብጠህ ላክ፤ እጠብቅሃለሁ።