«አንዱ ክሊኒክ አሜባ አለብሽ፣ ሌላው ምንም የለብሽም አለኝ። ማንን ልመን?» ላለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሆድሽ ከተነፋ ሁለት ወር አልፎታል። ግሳት አለሽ፣ ሰገራሽ ይቀጥናል፣ ክብደትም ቀንሰሻል። አንዱ ክሊኒክ አሜባ ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ምንም አልታየም አለ። በመሃል ከፋርማሲ ቲኒዳዞል ገዝተሽ ውጠሻል። እኔ ስታዲየም አካባቢ ባለ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ሰገራ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከማይክሮስኮፑ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

ሁለቱም ክሊኒኮች ያዩትን ጽፈው ሊሆን ይችላል። ስላይድ ላይ የምናደርገው የክብሪት ራስ የምታህል ናሙና ነው። በዚያች ውስጥ ካልገባ አናየውም። ጃርዲያ የሚባለው ሌላው የአንጀት ተውሳክ ደግሞ በየቀኑ አይወጣም። ዛሬ ሞልቶ ታይቶ ከነገ ወዲያ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በተለያዩ ቀናት የተሰጡ 3 ናሙናዎች መታየት አለባቸው፤ በ10 ቀን ውስጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን እያለፉ። ይህን የሚነግርሽ ክሊኒክ ብዙ አይደለም። አንዴ ይታያል፣ ወረቀቱ ይሰጣል፣ አለቀ። አንቺው ጠይቂ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የሚንቀሳቀሰው አሜባ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታል። ቀጭን ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ግን ማለዳ ሳሪስ ወይም አየር ጤና ቤቱ የሞላውን ዕቃ ይዞ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይደርሰናል። እዚያው ክሊኒኩ ሽንት ቤት ስጪ። ሽንትና ውሃ አይንካው። «ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይታይልኝ» ብለሽ በእጅ አስረክቢ።

አሁን ወደ አሜባው። በሽታ የሚያመጣውና ምንም የማያደርገው አሜባ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀይ የደም ሴል የዋጠ አሜባ ካየን ያኔ በሽታ የሚያመጣው ሳይሆን አይቀርም እንላለን። እንደዚያ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ማማጥ አለው። አንቺ የጻፍሽው ይህን አይመስልም። መነፋት፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት፣ ቅባትማና በጣም የሚሸት ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ፤ እኔ ቀድሜ የማስበው ጃርዲያን ነው። ሐኪም አይደለሁምና ውሳኔውን ለሐኪምሽ እተዋለሁ። የጃርዲያ አንቲጂን ምርመራ (ሰገራው ውስጥ የተውሳኩን ፕሮቲን የሚፈልግ ምርመራ) የሚሠራ ላብራቶሪ ካገኘሽ ከማይክሮስኮፕ ይልቅ እሱ ይሻላል። ጨጓራም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ እሱንም ይይልሽ።

ቲኒዳዞሉ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለጃርዲያም ለአሜባም ይታዘዛል። ሳይመረመሩ መዋጥ ግን በጣም ያሳዝነኛል። ተውሳኩን ሳያጠፋው ቁጥሩን ብቻ ይቀንሰውና እኛ ስንፈልግ አናገኘውም። ከወሰድሽ ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈው በኋላ ተመርመሪ፤ የወሰድሽበትንም ቀን ለሐኪሙ ንገሪ።

ክትፎ እንደምትበዪም ጽፈሻል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ነው። ከተበላ በኋላ ቁራጮቹ መውጣት እስኪጀምሩ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ሳይታወቅሽ ራሱ ወጥቶ የውስጥ ልብስ ላይ ይገኛል። እንቁላሉ ሰገራ ውስጥ ላይታይ ስለሚችል ቁራጩን ካየሽ በንጹህ ዕቃ ይዘሽ ነይ። ብዙዎች አፍረው አይናገሩም፤ እባክሽ አትፈሪ። አያቶቻችን የኮሶ አበባ ይጠጡ ነበር፤ ዛሬ ሐኪም የሚያዘው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አለ። የወስፋት ክኒን ተብሎ አንዴ የሚዋጠው አልቤንዳዞል ለኮሶም ለጃርዲያም አይበቃም።

ልጆቼንስ ላስመርምር ላልሽው፣ ምልክት ካላቸው አዎ። ጃርዲያ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋል፤ ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ በሳሙና ታጠቢ። ውሃ ጠፍቶ ከሮቶ ወይም ከጀሪካን ስትጠቀሙ አፍሉት፤ በተለመደው መጠን የሚጨመር ክሎሪን ጃርዲያን በደንብ አይገድልም። በአቃቂ ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውሃ የሚለማ አትክልት ከተማችን ውስጥ ይሸጣል። ቆስጣው ይበስላል፣ ሰላጣው ግን ጥሬውን ነው የሚበላው። ሆድሽ እስኪድን ሰላጣውን ተዪው።

ትኩሳት ከመጣ፣ ከቀኝ ጎንሽ የጎድን አጥንት በታች ካመመሽ፣ ወይም ደም ካየሽ ግን ሦስት ናሙና አትጠብቂ። አሜባ ጉበት ላይ መግል ሲቋጥር ሰገራው ንጹህ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ያለው ሆስፒታል ሂጂ።