ጥያቄና መልስ፦ አበባው ለአንድ ቀን፣ ጥያቄው ለዓመት

ባለፈው ሰሞን ስለ ዴይሊሊ ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር። ቅጠሏ ረጅምና ቀጭን፣ አበባዋ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ፣ አንዴ ከተተከለች ለዓመታት የማትጠፋዋን ተክል ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጥያቄ ተጥለቅልቋል። የሐዋሳ ሰው አበባ እንደሚወድ ባውቅም በዚህ ልክ አልጠበቅኩም። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ እነሆ።

ከታቦር ክፍለ ከተማ የጻፉ እናት፦ ጠዋት ፈክቶ ያዩት አበባ ማታ ይጠወልግባቸዋል። ምን በሽታ ነው ይላሉ።

በሽታ የለም፣ እማማ። የአንዱ አበባ ዕድሜ አንድ ቀን ነው፤ ነገ ሌላው እምቡጥ ይፈካል። የጠወለገውን ቀንጥበው ይጣሉት።

አንድ ወጣት፦ ችግኝ ሻጩ «ሊሊ ነው» ብሎ ሸጠለት። ቤት ወስዶ ሥሩን ሲያየው እንደ ሽንኩርት ያለ ነገር የለውም። ተሸወድኩ ወይ?

በስሙ ተሸውደሃል፣ በዕቃው ግን አልተሸወድክም። ዴይሊሊ እውነተኛ ሊሊ አይደለችም። እውነተኛው ሊሊ አፈር ውስጥ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ራስ አለው፤ ቅጠሉም ግንዱን ይዞ ከታች እስከ ላይ ይወጣል። የዴይሊሊ ቅጠል ግን ከመሬት ነው የሚነሳው፤ የአበባው አገዳ ራቁቱን ይቆማል። ሥሯ ላይ ያለው ያበጠ ነገር የስንቅ ማስቀመጫዋ ነው። የበጋውን ድርቅ የምታልፈው በእሱ ነው። ድሮ ከሊሊ ጋር ትመደብ ነበር፤ አሁን የእፅዋት አጥኚዎች ከእሬት ቤተሰብ ጋር አድርገዋታል። አዎ፣ ከዚያው መራራ እሬት ጋር። አገሯ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን። ገንዘቤን መልስ ብለህ ከሰውየው ጋር አትጣላ።

ከአላሙራ በኩል የጻፉ አባት፦ መጀመሪያ ዓመታት ላይ አበባዋ ጉድ ነበር። አሁን ቅጠል ብቻ ሆናለች። ዩሪያ ሲጨምሩላት ደግሞ ቅጠሉ ባሰበት። አጠገቧ የተከሉት አቮካዶም አድጓል። ነቅለው ሊጥሏት ነው።

እባክዎ አይጣሏት! ይህን ጥያቄ ከስንት ሰው እንደሰማሁት። ለአበባችን ውሃ እንሰጣለን፣ ፍግ እንሰጣለን፣ ዩሪያ እንሰጣለን። ቦታ የሚሰጥ ግን የለም።

ከዩሪያው እንነሳ። ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያሳድጋል። ለጎመን ጥሩ ነው፤ ጎመን የምንፈልገው ለቅጠሉ ነዋ። ከዴይሊሊ የሚፈልጉት አበባ ከሆነ ዩሪያውን ለማሳ ይተዉት። በዓመት አንድ ሁለቴ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ዙሪያዋን ቢያለብሷት ይበቃታል።

ሁለተኛው አቮካዶው ነው። ዴይሊሊ ደህና አድርጋ ለማበብ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። ሲተክሏት ፀሐይ ነበራት፤ ዛሬ ጥላ ውስጥ ናት። አቮካዶውን ቁረጡ አልልም፣ የሚበላ ነገር ነው። መነሳት ያለባት እሷ ናት።

ዋናው ምክንያት ግን መጨናነቅ ይመስለኛል። አንድ እግር ሆና የተተከለች ዴይሊሊ በየዓመቱ ከጎኗ ልጆች ታወጣለች። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ ሥር ከሥር ተጠላልፎ መሐሉ መተንፈሻ ያጣል። ያኔ መከፋፈል ነው። እንሰት ሲተከል እያየ ያደገ የሲዳማ ሰው ተክል መንቀልና ማዛወር አያስፈራውም። ነገሩ አበባ ሲሆን ግን ሁላችንም እጃችን ይንቀጠቀጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ሊገባ ሲል ከተክሉ አንድ ስንዝር ራቅ ብለው ዙሪያውን ይቆፍሩና ሙሉውን ያንሱት። አፈሩን በውሃ ይጠቡት፤ ካልታጠበ የትኛው ሥር የማን እንደሆነ አይታይም። ከዚያ በእጅዎ ወዘወዝ እያደረጉ ይለያዩት። እምቢ ያለውን በንጹሕ ቢላዋ ይቁረጡት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሥር ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት እግሮች ይኑሩት። ሥሩን ጫን ሲያደርጉት ጠጠር ካለ ጤነኛ ነው፤ ከላላና ከሸተተ ይጣል። ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተው ይከርክሙት።

ሲተክሉ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ትንሽ የአፈር ጉብታ ሠርተው ሥሩን በዙሪያው ይዘርጉት። ቅጠልና ሥር የሚገናኙበት ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ እሱ ከአፈሩ በታች ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጠልቆ ከተቀበረ አበባውን ይነፍግዎታል። በመሐላቸው ግማሽ ሜትር ይተዉ። የሐዋሳ አፈር በብዙ ቦታ አሸዋማና ቀላል ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም። ወደ ሐይቁ ዝቅ ባለው ቦታ ግን ውሃ ይተኛል፤ እዚያ መደቡን ከፍ ያድርጉት። በመጀመሪያው ዓመት ከሳሳች አይደንግጡ፣ ሥር እየሠራች ነው።

የተረፈውን ደግሞ ለጎረቤት ይስጡ። በነፃ! በር ላይ «የሚሸጥ» ብለው እንዳይለጥፉ አደራ።

አፈርዎን ማስመርመር ካሰኘዎት የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። በእኔ ግምት ለዚህ አያስፈልግዎትም።

አንዲት ልጅ፦ ብርቱካናማዋ ለምን ዘር አትሰጥም? ስቴላ ዴ ኦሮ የምትባለውን ቢጫዋን ከዘር ማብቀል ይቻላል?

በየአገሩ የተሠራጨችው ብርቱካናማዋ ዓይነት ክሮሞሶሟ (የዘር ባሕርይ ተሸካሚው) ሁለት ሁለት ሳይሆን ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የተሰደረው። ዘር ለመሥራት እኩል ለሁለት መካፈል አለበት፤ ሦስት ደግሞ እኩል ለሁለት አይካፈልም። ስለዚህ ዘር መሥራት አይሆንላትም፤ በሥሯ ነው የምትራባው። ስቴላ ዴ ኦሮ አሜሪካ ውስጥ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣች አጭር ዝርያ ናት። ዘሯ ቢበቅልም እናቱን አይመስልም፤ ለማበብም ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ኦንላይን «የስቴላ ዘር» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ምን እንደሚሸጥልሽ እሱም አያውቅም። እግሯን ካለው ሰው ለምኚ።

ጓሯቸው ቡናም ዴይሊሊም ያላቸው ሰው፦ የዴይሊሊው ቅጠል ብርቱካናማ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ዋግ ነው? ወደ ቡናው ይሻገራል?

ዋግ ይመስላል። ነጭ ሶፍት ወስደው የቅጠሉን ጀርባ ጠረግ ያድርጉት፤ ብርቱካናማ ቀለም ከያዘ እሱ ነው። ቡናዎ ግን ሰላም ነው። የቡናው ዋግ ሌላ ፈንገስ ነው፣ የዴይሊሊው ሌላ፤ የስንዴውም እንደዚሁ። የታመመውን ቅጠል ቆርጠው ያቃጥሉት፤ ውሃ ከላይ ሳይሆን ከሥር ያጠጡ። መድኃኒት ከፈለጉ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ያማክሩ።

ከመናኸሪያ አካባቢ፦ ድመታቸው ቅጠሉን አኘከች፣ ሁለቴ አስመለሳት፣ ወተት ሰጧት፣ አሁን ደህና ትመስላለች።

ለእኚህ ሰው እዚህ እስኪወጣ አልጠበቅኩም፤ ያኔውኑ መልሼላቸዋለሁ። ለሌሎቻችሁ ግን ልድገመው። ዴይሊሊ ለድመት መርዝ ናት። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ የአበባው ዱቄትም፣ አበባው የተነከረበት ውሃም። የምትመታው ኩላሊት ነው። ድመቷ መጀመሪያ ታስመልሳለች፤ ከዚያ የተሻላት ትመስላለች፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ኩላሊቷ ሥራ ያቆማል። ወተት አያድናትም። የሚያድናት ቶሎ በደም ሥሯ የሚሰጥ ፈሳሽና የሐኪም ክትትል ነው። ስለዚህ «እስኪ እንየው» አይባልም፣ «ነገ እንወስዳታለን» አይባልም። ዛሬ፣ አሁን፣ በባጃጅም ቢሆን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ የበላችውንም ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ። ቤቱ ውስጥ ድመት ያለው ሰው ዴይሊሊ አይትከል። አበባ ወዳጅ ነኝ፣ ግን በዚህ አልደራደርም።

ቪዲዮ ያዩ እህት፦ ቻይናዎች እምቡጡን በሾርባ ይበሉታል። እኛስ?

እውነት ነው፤ ለምግብ የተመረጠውን ዓይነት አድርቀው ይበሉታል። እርስዎ ግን የገዙት ለጌጥ ነው፤ ምን መድኃኒት እንደተረጨበት አያውቁም። እውነተኛ ሊሊ ሆኖ ቢገኝስ? ጥሬው የአንዳንድ ሰው ሆድም ያውካል። ሐዋሳ ተቀምጦ፣ የአሞራ ገደል ዓሣ እያለ አበባ መብላት ምን አመጣው?

አንድ አባወራ፦ አሜሪካ ያለች እህታቸው በሻንጣዋ ከእነ ሥሩ ልታመጣላቸው ነው።

ተው በሏት። አንደኛ፣ ተክሏ ከቀዝቃዛ አገር ከሆነች ምናልባት በብርዱ ወቅት ቅጠሏን ጥላ የምትተኛ ዓይነት ናት። ያ ዓይነት ብርድ ይፈልጋል፤ የሐዋሳ ብርድ ለእሷ ብርድ አይደለም። ለእኛ የሚሻለው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆነው ነው። ሁለተኛ፣ ዋነኛውም ይህ ነው፤ የዴይሊሊ ዋግ አሜሪካ ገብቶ የታየው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፣ የተጓዘውም በችግኝ ነው። ከሥሩ ጋር የሚመጣ አፈር ምን እንደያዘ በዓይን አይታይም። ተክል ያለ ፈቃድና ያለ የጤና ሰርተፊኬት አይገባም፤ ከመምጣቷ በፊት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ጫማ ታምጣልዎ።

ሐይቅ ዳር የሚኖሩ አንባቢ፦ ጦጣ እምቡጡን እየቀጠፈ ጨረሰው። ምን ይሻላል?

ጦጣውን የሚችል ሰው ካገኙ ለእኔም ቁጥሩን ይላኩልኝ።