«አባቴ 66 አይቶ ‹ጎበዝ፣ አልፈሻል› አለኝ»

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሰባተኛ ክፍልን ጨርሳ ነው። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። የመጀመሪያው ኳርተር (የትምህርት ዓመቱ ሩብ) ውጤት ሲወጣ አልጀብራ 66 ሆነባት። አባቷ «ከ50 በላይ ነው» ብለው ደስ አላቸው። እናቷ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውጤት በሚያሳይበት ድረ ገጽ (ፖርታል) ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር አይተው ደነገጡ። «ስንተኛ ወጣሽ?» ሲሏትም መልስ የላትም። «እንዴት ላስረዳቸው? ወይስ አባቴን ዝም ልበለው?» ትላለች።

ውድ ጠያቂዬ፣

ዝም አትበያቸው። ለጊዜው ትገላገያለሽ፤ ሰኔ ላይ ግን ጉዱ መውጣቱ አይቀርም። አባትሽ በተማሩበት አገር ማለፊያው 50 ነው፤ 66 የደህና ተማሪ ውጤት ነው። እዚህ 66 ዲ ነው። ዲ ለመመረቅ የሚቆጠር ክሬዲት ያሰጣል፣ ስለዚህ «አልፈሻል» ያሉት ውሸት አይደለም። ጉዳቱ ጂፒኤው (የትምህርቶችሽ አማካይ ነጥብ) ላይ ነው።

ጂፒኤን ለእሳቸው ማስረዳት ካሰብሽው በላይ ይቀላል። ዕድሜያቸው ሃምሳን ተጠግቶ ከሆነ የድሮውን ማትሪክ ያውቁታል። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ። «የእገሌ ልጅ 3.6 አመጣ» ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት። ዩኒቨርሲቲ የገባ ዘመድም ካለ ስሌቱ አይጠፋውም። ወረቀት አውጪና ትምህርቶችሽን አንድ በአንድ ጻፊላቸው። ለምሳሌ ሰባት ትምህርት ቢኖርሽ፣ ሦስት ኤ 12፣ ሁለት ቢ 6፣ አንድ ሲ 2፣ የአልጀብራው ዲ 1 ነጥብ ነው። 21 ለ7 ሲካፈል 3.0 ይመጣል። ዲው ቢ ቢሆን ኖሮ 23 ለ7፣ ማለትም 3.3 ገደማ ነበር። ካልኩሌተሩን ለእሳቸው ስጫቸው፤ ራሳቸው ያካፍሉት። ከበድ ያሉት የ«ኦነርስ»ና የ«ኤፒ» ክፍሎች ተጨማሪ ነጥብ የሚያሰጡበትን ስሌት ለሌላ ቀን ተይው፣ አሁን ነገሩን ያወሳስበዋል።

ከዚያ ልዩነቱን ንገሪያቸው፣ ዋናው እሱ ነውና። ማትሪክ የአንድ ሰሞን ፈተና ነበር። ዘጠነኛና አሥረኛ ላይ ያልሆነለት ልጅ አሥራ ሁለተኛ ሲደርስ በሩን ዘግቶ አጥንቶ ያካክስ ነበር። ዛሬም ቢሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ስለዚህ «ገና ዘጠነኛ ናት፣ ትደርስበታለች» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እዚህ ግን ያለፈውን ሁሉ የሚያካክስ የመጨረሻ ፈተና የለም። ኤስኤቲ የሚባል የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አለ፤ ብዙ ኮሌጆች ግን ግዴታ አያደርጉትም። ትራንስክሪፕቱ (ለኮሌጅ የሚላከው የውጤት ማስረጃ) የሚጀምረው ከዘጠነኛ ክፍል ነው። ለኮሌጅ የምታመለክቺው ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደገባሽ ስለሆነ በእጃቸው የሚደርሰው የሦስት ዓመት ውጤት ነው። ዘንድሮ የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ 2.5 አምጥተሽ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት 3.5፣ 3.5 ብታመጪ እንኳ ስታመለክቺ የሚኖርሽ 3.17 ገደማ ነው። መጥፎ አይደለም። ግን የሁለት ዓመት ልፋትሽን ያህል አይደለም።

(ካሊፎርኒያ ያለ ዘመድ «ዘጠነኛ አይቆጠርም» ካላችሁ ዋሽቶ አይደለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎቹ እነ ዩሲኤልኤና በርክሊ ጂፒኤ የሚያሰሉት በአሥረኛና በአሥራ አንደኛ ክፍል ውጤት ነው። እናንተ ያላችሁት ግን ሜሪላንድ ነው።)

የምሥራቹ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትራንስክሪፕት ላይ የሚሰፍረው የሴሚስተሩ ውጤት እንጂ የኳርተሩ አይደለም። 66ቱ ገና አልጸናም። ነገ ጠዋት የሒሳብ መምህርሽን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ዘግይቶም ቢሆን የሚቀበሉት ሥራ አለ ወይ? እንደገና የምትፈተኚው ኩዊዝ (አጭር ፈተና) አለ ወይ?

እናትሽ ያዩት ቀይ «ሚሲንግ» የሚለው ይመስለኛል። ያላስገባሽው ሥራ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ዲን ሳይሆን እሱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ሆኖ ስለሚቆጠር። እኩል ክብደት ካላቸው አራት ሥራዎች ሦስቱን 90፣ 90፣ 90 ያመጣ ተማሪ አራተኛውን ባያስገባ አማካዩ 67.5 ይሆናል። ትምህርቱ ሳይከብደው ከኤ ወደ ዲ ወረደ። ስለዚህ እናትሽን ከፖርታሉ አታርቂያቸው፤ ይልቅ ምን ማየት እንዳለባቸው አሳዪያቸው፦ ቁጥሩ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ እንዳይጨነቁ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ማታ አብራችሁ ክፈቱትና «ሚሲንግ» የሚለውን ብቻ ፈልጉ። የራሳቸው የወላጅ መግቢያ ይኑራቸው። በአንቺ ስልክ አይሁን።

«ስንተኛ ወጣሽ?» ለሚለው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች እዚህ ደረጃ አያወጡም። አንቺ ስትነግሪያቸው የደበቅሽ ሊመስላቸው ይችላል፤ ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ቢሰሙት ይሻላል።

ወላጆችሽ ከትምህርት ቤቱ ጋር በሚያደርጉት ስብሰባ ላይ ግን አስተርጓሚ አንቺ እንዳትሆኚ። መምህሯ «ሥራ አታስገባም» ስትል «ጎበዝ ናት ነው የምትለው» ብሎ የሚተረጉም ልጅ ሞልቷል፤ አንቺ ባታደርጊውም ይጠረጥሩሻል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት አለበት፣ በነፃ። አማርኛ ካውንቲያችሁ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለካውንስለርሽ «ወላጆቼ የአማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ» ብለሽ አንድ መስመር ኢሜይል ጻፊ። ወላጆችሽን ደግሞ አስቀድመሽ አረጋጊያቸው። እኛ አገር «ወላጅ አምጪ» የሚባለው አጥፍተሽ ሲገኝ ነው፤ እዚህ ግን የደህና ተማሪም ወላጅ ይጠራል።

የምትነጋገሩበት ቀን ከጥር በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። በብርዱ ወራት የአሥረኛ ክፍል ትምህርቶችሽን ትመርጫለሽ። ነርሲንግ ከፈለግሽ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አይቀሩልሽም፣ ሒሳቡም እስከ መጨረሻው ይከተልሻል። ከአልጀብራ ቀጥሎ ጂኦሜትሪ ነው፣ ከዚያ አልጀብራ 2። አባትሽ ሐኪም እንድትሆኚ ቢፈልጉም መንገዱ እስከዚያ ድረስ አንድ ስለሆነ አሁን አትከራከሪያቸው። ቅጹን ግን ብቻሽን ሞልተሽ አትላኪው፤ አብረው ይዩት።