«ኦኬ» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት

ሰሞኑን አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ደወለችልኝ። ሆስፒታሏ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። «ጋሼ፣ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው እንደሚጋጭ ሲስተሙ ራሱ የሚነግረኝ ከሆነ፣ እኔ ለምን እሸመድዳለሁ?» አለችኝ። ስቄ ላልፈው ነበር። ግን እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ አብራኝ የሠራች አንዲት ፋርማሲስት ልጅ ትዝ አለችኝ።

ስሟንም ሆስፒታሉንም አልጠራም። ጠንቃቃ ሠራተኛ ነበረች። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ አንድ አዛውንት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ባክትሪም የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። ሁለቱ ሲገናኙ የዋርፋሪኑ ጉልበት ይጨምራል፤ ሰው ሊደማ ይችላል። ኮምፒውተሩ አስጠንቅቆ ነበር፤ እሷ አለፈችው። አዛውንቱ ደሙ። ደግነቱ ተረፉ።

ስብሰባ ተጠራ። ከሲስተሙ የወጣው መዝገብ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ማስጠንቀቂያው በመጣበትና በተዘጋበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሰከንድ ነው። «ያለፉበት ምክንያት» የሚለው ሣጥን ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አያሳልፍም። እሷ የጻፈችው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። ነጥብ! ኃላፊው ወረቀቱን በጣቱ እየመታ «ይሄ ምንድነው?» ይላታል። እሷ አንገቷን ደፍታለች።

እኔ ዓይኔ ከላይ ያሉት መስመሮች ላይ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለፈቻቸው፣ አብዛኞቹ በከንቱ የመጡ ማስጠንቀቂያዎች። ፓራሲታሞል በአፍም በደም ሥርም ስለታዘዘ «ተደግሟል»። ኮዴይን ድሮ አንዴ ያቅለሸለሻቸው ሴትዮ «አለርጂ አለባቸው»። አንድ በሽተኛ ለዓመታት አብሮ የዋጣቸው የግፊት ክኒኖች «ይጋጫሉ»። ሁሉም ጋ ነጥብ። የእያንዳንዳችን መዝገብ ቢታተም ያው ነጥብ በነጥብ ነበር። ይህን ግን አንድም ሰው አልተናገረም፤ እኔም ዝም አልኩ። ልጅቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች። እስካሁን ይቆጨኛል።

እሷ የተለየች አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ከመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶውን እንደሚያልፉ አሳይቷል። በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንድ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ክኒን ፋንታ 38 ተኩል ክኒን ተሰጠው። የሚገርመው መድኃኒቱ ያው የባክትሪም ዓይነት ነው። ሐኪሟ 160 ሚሊግራም ለማዘዝ ብላ 160 ስትጽፍ፣ ሲስተሙ «በኪሎ» ብሎ በልጁ ክብደት አባዛው። ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር። ሐኪሟም ፋርማሲስቱም አለፉት። ልጁ ተንቀጥቅጦ ራሱን ሳተ፣ ግን ዳነ።

እኛ አዲስ አበባ ሥራ ስንጀምር ማስጠንቀቂያችን አንድ ቁጡ አለቃ ነበሩ። ማዘዣ በቀይ እስክሪብቶ ከከበቡ ሁላችንም ቀጥ እንል ነበር። የሚከቡት ግን አልፎ አልፎ ነው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ጣታችሁ ፈጣን ነው። ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ሁሉ ሳታነቡ መጥረግ ለምዳችኋል። ማሽኑም ላይ ያው ነው የምታደርጉት። ደግሞ ማሽኑን አትናቁት! ኩላሊቱ ለደከመ በሽተኛ ኢኖክሳፓሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ መርፌ ዶዙ ይቀነስ ብሎ ስንቴ እንዳስታወሰኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ልሸምድድ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ገዳዮቹን ሸምድጂ። ዋርፋሪን፣ ኢንሱሊን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፖታሲየም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንዴ መዋጥ ሲገባው በየቀኑ የሚታዘዝ ሜቶትሬክሴት። ሲስተሙ ዝም ሲልም አትመኚው። የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። በሽተኛው ከመንደር መድኃኒት ቤት የገዛውን ወይም እናቱ ያፈላችለትን ቅጠል ካልጠየቅሽው ለሲስተሙ ማን ይነግረዋል?

ከሁሉ በፊት ግን ሲስተሙ ሥራ ሳይጀምር የትኛው ማስጠንቀቂያ ሥራ ያስቁም፣ የትኛው በጎን ይታይ፣ የትኛው ይጥፋ የሚለው ሲወሰን እዚያ ተቀመጪ። ካልጠሩሽ ራስሽ ሂጂ። ለአይቲ ልጆች ብቻ ከተተወ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ይከፍቱታል። ከጀመረ በኋላም በየወሩ መዝገቡን አሳትሚና ብዙ የታለፈው የትኛው እንደሆነ እዪ፤ ሰው ከመጠየቅሽ በፊት ማስጠንቀቂያው ራሱ ይጠየቅ።