አዲሱ ኮንሶል ገበያ እምቢ ሲለው፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። "አዲስ የጌም ኮንሶል ወጥቶ ገበያ ሲያጣ አምራቹ እንዴት ነፍስ ይዘራበታል?" የሚለውን ጉዳይ ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። እነዚህን ማሽኖች ስከታተል ብዙ ዓመት ስለሆነኝ የምችለውን ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ኒንተንዶው ዊ ዩ ነው። ደግ አደረጋችሁ፣ ለዚህ ጉዳይ ከሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ዋጋዎቹ የአሜሪካ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዊ ዩን በደንብ ለማናውቀው፣ በአጭሩ ምን ሆነ?

በኖቬምበር 2012 ወጣ። አንዱ ዓይነት 300፣ ሌላው 350 ዶላር ገደማ። ከሱ በፊት የነበረው ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ስለሆነ፣ ልጁም እንደ አባቱ ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ። ጅምሩ አይከፋም ነበር። እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 3.06 ሚሊዮን ሄደ። ከዚያ ገበያው ጭጭ አለ። ከኤፕሪል እስከ ጁን 2013 ባሉት ሦስት ወራት የተሸጠው 160 ሺህ ብቻ ነው። በአንድ አገር አይደለም፣ በመላው ዓለም! ኩባንያው ለዚያ የበጀት ዓመት 9 ሚሊዮን እሸጣለሁ ብሎ ነበር። በጃንዋሪ 2014 ግምቱን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደው። ዕድሜውን ሙሉ የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ዋጋ መቀነስ ነው!

ዘጠና ከመቶው ሰው የሚለው ይህንን ነው። ዋጋ መቀነስ ይሠራል፤ ግን ሰዓቱን ሲያገኝ ነው። የዚያው የኒንተንዶን 3ዲኤስ እንይ። የእጅ ኮንሶል ነው፣ በ2011 መጀመሪያ በ250 ዶላር ወጣ። እሱም ተንገዳገደ። ከኤፕሪል እስከ ጁን 710 ሺህ ብቻ ተሸጠ። ኒንተንዶ ብዙም አልቆየም፤ በኦገስት ዋጋውን ወደ 170 ዶላር ጣለው። ኮንሶሉ አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ገና አምስት ወር እንኳ አልሞላውም። ቀድመው በውድ የገዙት እንዳይናደዱ 20 የድሮ ጌሞች በነጻ ሰጣቸው።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ቅናሽ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በኖቬምበር ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ላንድ፣ በዲሴምበር ማሪዮ ካርት 7። ሰውዬው ዋጋው መውረዱን ሰምቶ ሱቅ ሲገባ የሚጫወተው ነገር መደርደሪያው ላይ ይጠብቀዋል። 3ዲኤስ በመጨረሻ ወደ 76 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ።

አሁን ወደ ዊ ዩ ተመለሱ። በሴፕቴምበር 2013 ባለ 350ውን ወደ 300 አወረዱት። ሃምሳ ዶላር ነች። ትልቁ የማሪዮ ጌም የደረሰው ከሁለት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 22 ነው። አሜሪካ ውስጥ ያ ቀን የማይክሮሶፍት ተቀናቃኝ ኮንሶል፣ ኤክስቦክስ ዋን የወጣበት ቀን ነው። የሶኒው ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ከሳምንት በፊት በ400 ዶላር ገብቷል። መቶ ዶላር ጨምሮ አዲስ ትውልድ ማሽን የሚያገኝ ሰው ምን ይመርጣል?

ጥያቄ፦ የገደለው ስሙ ነው ይባላል። እውነት ነው ወይስ ማጋነን?

እውነትነት አለው። የወቅቱ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ራሳቸው በ2013 ተናግረውታል፤ ዊ ዩን "ያው ዊ ነው፣ ሰሌዳ ተጨመረለት እንጂ" ብሎ የሚያስብ ሰው አለ ብለዋል። አይፈረድበትም። እስቲ ማስታወቂያውን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ፊት ለፊት የሚታየው ጌምፓዱ ነው፣ መሐሉ ላይ 6.2 ኢንች ስክሪን ያለው ሰፊ መቆጣጠሪያ። ዋናው ሳጥን የድሮውን ዊ ይመስላል። አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ የዊን የድሮ ሪሞት ይዘው ይጫወታሉ፣ ምክንያቱም አዲሱም ላይ ይሠራል። በዚህ ላይ ስሙ ዊ ዩ! ቤቱ ዊ ያለው ወላጅ "ለዊያችን የሚሆን ታብሌት ወጣ" ብሎ ቢያልፍ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

እኔ ብሆን ስሙን መሐል ላይ አልቀይርም ነበር፤ የባሰ ግራ መጋባት ነው። ማስታወቂያውን ግን ከሳጥኑ ነበር የምጀምረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ለምን ጌም አልሠሩለትም?

ጋሼ አልከኝ? እሺ፣ ዕድሜዬን አስታወስከኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጌም ሠሪው የሚያየው ስንት ሰው ቤት ማሽኑ እንዳለ ነው። ገዢው ደግሞ የሚያየው ስንት ጌም እንዳለ ነው። ሁለቱም ሌላኛውን ሲጠብቁ ማሽኑ መሐል ላይ ይቀራል። ፊፋ 13 ለዊ ዩ ወጥቶ ነበር። ፊፋ 14 ግን አልወጣም። የሚያሳፍረው፣ ያው ፊፋ 14 በ2000 ለወጣው ለፕሌይስቴሽን 2 መውጣቱ ነው። ለድሮው ዊም ወጥቷል። ሬይማን ሌጀንድስ የሚባል ጌምም ነበር፣ ለዊ ዩ ብቻ የተባለ። ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት ለሌሎቹም ማሽኖች እንዲደርስ ተብሎ ለወራት ተገፋ። ዊ ዩ የ2013ን የመጀመሪያ ወራት ባዶ መደርደሪያ ታቅፎ ከረመ።

ይህንን ሰንሰለት የሚበጥሰው አምራቹ ብቻ ነው። ወይ የራሱን ጌሞች ቶሎ ቶሎ ያወጣል፣ ወይ ለሌሎች ገንዘብ ከፍሎ ያሠራል። ኒንተንዶ የራሱም ዘገየበት፤ ፒክሚን 3 እንኳ የደረሰው በ2013 አጋማሽ ነው።

ጥያቄ፦ ያን ውድ ጌምፓድ አውጥተው በርካሽ ቢሸጡትስ?

ማይክሮሶፍት ይህንኑ አድርጎታል። ኤክስቦክስ ዋን ኪኔክት ከሚባለው ካሜራ ጋር ተጠፍሮ በ500 ዶላር ወጣ። በጁን 2014 ካሜራውን አውጥተው በ400 ሸጡት፣ ከተቀናቃኙ ጋር እኩል ሆነ። ጠቀማቸው። ግን ልዩነት አለ። ኪኔክት ብዙ ጌም ላይ ባይኖርም ለውጥ የለውም። ጌምፓዱን ከዊ ዩ ብታወጣው የሚተርፍህ ከአዲሶቹ ማሽኖች ደከም ያለ ሳጥን ነው። ጉድለቱም መታወቂያውም እሱው ነበር።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንቱ ደመወዛቸውን ግማሽ ቆርጠው የለ? ጠቀመ?

ቆርጠዋል፤ በ2011ም በ2014ም። ሽያጩ ላይ ምንም። ግን አለቃው ተከብሮ ሠራተኛው ከሚባረር ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ገበያ ያጣ ኮንሶል ሲረክስ ብገዛላቸው እከስራለሁ?

እህቴ፣ ልጆችዎ የሚፈልጉት ጌም አሁን ለማሽኑ ካለ ይግዙ። "ወደፊት ይወጣል" የሚባለውን ግን አይቁጠሩት። በመስመር ላይ የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር (ሰርቨር) አንድ ቀን ይዘጋል።

ጥያቄ፦ የሴጋ ኩባንያ ኮንሶል ድሪምካስት ጥሩ ጌሞች ነበሩት፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ለምን ሞተ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማሽኑን እወደዋለሁ። አሜሪካ ሲገባ፣ በ1999፣ 200 ዶላር ነበር። ሴጋ ግን ከቀድሞው ኮንሶሉ ከሳተርን ቁስል ሳያገግም ነው የገባበት። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 ሲመጣ ዲቪዲም ያጫውት ነበር፤ ድሪምካስት አያጫውትም። ሰው ጠበቀ። ገዢው እስኪመጣ መታገሥ ደግሞ ገንዘብ ላለው ኩባንያ ነው። ሴጋ በጃንዋሪ 2001 ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ የተሸጠው 9 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ሶኒ በፕሌይስቴሽን 3 የተረፈውም እዚህ ጋ ነው። በ2006 በ500 እና በ600 ዶላር ወጥቶ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ሶኒ ግን አቅም ነበረው። ሦስት ዓመት ታገሠ፣ ወጪውን ቀነሰ፣ በ2009 ቀጭኑን በ300 አወጣ። ከ87 ሚሊዮን በላይ ሄደ።

ጥያቄ፦ ጌም ነው የሚያድነው ትላለህ። ማሪዮ ካርት 8 ወጣ፤ ዊ ዩ ግን አልዳነም!

ያዝከኝ። በሜይ 2014 ወጣ፣ ሽያጩንም ለጊዜው ቀሰቀሰው። 8.46 ሚሊዮን ቅጂ ሄደ፤ ባለ ዊ ዩ ከሆኑት ከግማሽ በላይ ገዙት ማለት ነው። ያው ጌም ትንሽ ተጨምሮበት ከዊ ዩ ቀጥሎ ለመጣው የኒንተንዶ ኮንሶል ለስዊች በ2017 ሲወጣ ከ60 ሚሊዮን አለፈ። ጌሙ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የተለወጠው ማሽኑ ነው። ስዊችን ለሰው ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ቤት በቲቪ ትጫወታለህ፣ ስትወጣ ይዘኸው ትሄዳለህ። ዊ ዩን ለማስረዳት ስንት ዓረፍተ ነገር እንደፈጀብኝ ከላይ ቁጠሩ። ስለዚህ መልሴን ላስተካክል፦ ጌም ያድናል፣ ሰው ማሽኑ ምን እንደሆነ ከገባው።

ጥያቄ፦ ጌምፓዱን ይዞ ከቤት መውጣት አይቻልም ነበር እንዴ?

አይቻልም። ቲቪው በሌላ ሰው ሲያዝ ጌሙን ወደ ጌምፓዱ ስክሪን ማዞር ይቻል ነበር፤ ከማሽኑ ሁሉ ደስ የሚለኝም ይህ ነው። ግን ጌሙ የሚሠራው ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ጌምፓዱ ምስሉን ብቻ ይቀበላል። ሁለት ግድግዳ ካለፍክ ምስሉ ይቆራረጣል። ባትሪውም ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው። በስዊች ሳጥኑን ራሱን ስክሪኑ ውስጥ አስገቡት።